ከቡፌው ጀርባ የቀረው ገመድ

አንድ አባወራ ነበር፤ ጥላዬ ይባላል። ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝቶ፣ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም ጭኖበት፣ ከሳሎኑ ቴሌቪዥን ጋር አገናኘው። የሠርጉን ካሴት፣ የልጁን ክርስትና፣ የዓመት በዓሉን ጭፈራ ሁሉ ገለበጠበት። እሑድ ከሰዓት ጎረቤቱ ሳይቀር መጥቶ ያያል። ድምፁ የሚወጣው ቡፌው ላይ በተቀመጠች አሮጌ ቴፕ በኩል ነበር። ስትጮህ ብርጭቆው ሁሉ ይንቀጠቀጣል።

«ኧረ ቀንስልኝ፣ ብርጭቆዬን ልትጨርሰው ነው!» ትለዋለች ሚስቱ የሺመቤት። እሱ ይስቃል እንጂ አይቀንስም።

ጥላዬ ሞተ። ቤቱ ጭር አለ። ሙት ዓመቱ ካለፈ በኋላ ልጇ መኳንንት እናቱን ደስ ላሰኛት ብሎ ሰፊ ቴሌቪዥን ገዝቶ ሰቀለላት። ያቺን ቴፕ ደግሞ ቦታ ይዛለች ብሎ ለቁራሌ ሰጠና ሁለት የፕላስቲክ ሳፋ ተቀበለባት።

እሑድ ኮምፒውተሩን ከፈቱት። ጥላዬ ሕፃን ታቅፎ ብቅ አለ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን የለም። ሌላ ከፈቱ፤ እሱም ዝም።

የኮምፒውተር ባለሙያ ተጠራ። ሲነካካ ቆየና፣ «እትዬ፣ ይኼ ነገር አርጅቷል። የቪዲዮዎቹም ድምፅ ሞቷል። ፎርማት ላድርገውና አዳዲስ ፊልም ልሙላልዎት» አለ።

«ፎርማት ማለት?»

«ያለውን ሁሉ አጥፍቶ እንደገና መጀመር ነው።»

«እማዬ፣ መልኩ እንደሆነ በፎቶ አለን» አለ መኳንንት።

«ሳቁን በየትኛው ፎቶ ነው የምሰማው?» አለች የሺመቤት። «እስከ ነገ ታገሡኝ።»

በማግስቱ የጥላዬን ወዳጅ፣ ሬዲዮ ጠጋኙን ጋሽ ደምሰውን መጥተው እንዲያዩላት ለመነቻቸው። ሽማግሌው ስለ ሊኑክስ የሚያውቁት ነገር የለም። ቁጭ ብለው ሳሎኑን ቃኙ።

«ኮምፒውተሩ ዝም ከማለቱ በፊት ከዚህ ቤት ምን ወጣ?»

«ኧረ ምንም አልወጣም» አለ መኳንንት።

«ቴፗስ?» አለች እናቱ ቀስ ብላ።

«ለቁራሌ... በሳፋ...»

«እንግዲያ ሳፋውን አናግረው!» ብለው ሳቁ ጋሽ ደምሰው።

ቡፌውን ገፋ አደረጉት። ከኮምፒውተሩ የወጣ ቀጭን ገመድ አቧራ ለብሶ መሬት ላይ ተጋድሟል። ጫፉ የትም አልተሰካም። ከቦርሳቸው ትንሽ ድምፅ ማጉያ አውጥተው ሰኩበትና አንዱን ቪዲዮ አስከፈቱ።

«የሺዬ፣ ሥራው ይቆይ! ነይ አጠገቤ ቁሚ!»

ጥላዬ ነው። የሺመቤት እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ ተነሥታም ቴሌቪዥኑ አጠገብ ሄዳ ቆመች። ማንም አልሳቀባትም።

«ኮምፒውተሩ ዲዳ አልሆነም» አሉ ሽማግሌው። «ጥላዬ በቴፗ በኩል ተናገር ብሎ አዞታል። እናንተ ስትሰጧት ለሱ ማን ነገረው? ይኸው እስከ ዛሬ ወደ እሷ ያወራል።» ይህን የሰማው ባለሙያ ተመልሶ መጣና ድምፁን ወደ አዲሱ ቴሌቪዥን አዞረው። የፈጀበት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር።

ሰውም እንዲሁ ነው። በለመደው በኩል ይናገራል። እኛ የምንሰማበትን ነገር በገዛ እጃችን ከቤት አውጥተን፣ «ተለወጠ፣ ዝም አለን፣ በቃ ሞቷል» እንላለን። «ይጥፋ» ከማለታችን በፊት ምን እንዳወጣን ብንጠይቅ መልካም ነው።

ለመሆኑ እናንተን ዝም ያላችሁ ያ ሰው፣ ድሮ በየት በኩል ነበር የሚያወራችሁ?