መንገድ ዳር ያለው ለምለም

አንድ ሰው ነበረ። ስሙን አልነግራችሁም፤ ኋላ የራሳችሁን ስም ታስገቡበታላችሁ። በአዊ ምድር ለከሰል የሚሆነውን ግራር፣ ዲከረንስ የምንለውን፣ ተክሎ የሚያድር ገበሬ ነው። ልጆቹን ያሳደገው በዚያ ዛፍ ነው።

አንድ ቀን ወደ ተክሉ መሃል ገባ ሲል ቅጠሉ ላይ ቀይ ዱቄት አየ። ቢነካው እጁ ቀላ። ስንዴ እንደሚፈጀው ያለ ዋግ ግራሩን ይዞታል!

ምን አደረገ? ጮኸ? ጎረቤት ጠራ? የለም፣ አፈረ። ጎሕ ሲቀድ እየተነሳ፣ መንገድ ዳር ካሉት ዛፎች የታመመውን ቅርንጫፍ ሲመለምል ከረመ። አላፊ አግዳሚው ለምለሙን እያየ «ይባርክልህ!» ይለዋል። እሱም «አሜን» ይላል።

ድሮ ዛፉ ሲደርስለት ወንፈል ጠርቶ ነበር የሚቆርጠው። ዘንድሮ ግን ሰው ገብቶ እንዳያይበት «ብቻዬን እወጣዋለሁ» አለ።

ሚስቱ አንጓች አላስቀመጠችውም። «ምነው አንተ ሰው! ቆሞ ሳይደርቅ ቶሎ ተቆርጦ ከሰል ቢሆን ቀለባችን ይተርፍ ነበር። ብቻህን ልትዘልቀው ነው? ሂድና ለአያ ይስማው ንገራቸው።»

«ሰው ምን ይለኛል?»

«ልጆችህ ሲራቡስ ምን ትላቸዋለህ?»

ሄደ። የጎረቤቱ የአያ ይስማው ግራር ከመንገድ ሲያዩት ያስቀናል። አንገቱን ደፍቶ «አያ ይስማው፣ ተክሌን ዋግ ፈጀው» አለ።

ሽማግሌው እጁን ይዘው ወደ ተክላቸው መሃል አስገቡት። ቀይ! ከሥር እስከ ጫፍ ቀይ።

«እኔም ጎሕ ሲቀድ ነው የምመለምለው» አሉ፣ ዕንባቸው እየወረደ።

ወገኖቼ፣ በዚያ ዓመት በመንደሩ ወንፈል የጠራ አልነበረም። አንድም! ለምን ብሎ የጠየቀም የለም። ሁሉም የታመመው የእሱ ብቻ መስሎት በጎረቤቱ ለምለም ሲቀና ከረመ። ከዚያች ቀን በኋላ ወንፈል ተጠራ። የብዙው ተረፈ፤ የአንዳንዱ ግን ቆሞ ደርቆ ነበር።

የእናንተስ? ዛሬ ነጠላችሁን አጣፍታችሁ መጥታችኋል፤ ከዚህ ሆኜ ሳያችሁ እንዴት ታምራላችሁ! እኔም ቀሚሴን አሳጥቤ ነው የመጣሁት። ግን እቤት አኩርፋችሁት የወጣችሁት ሰው የለም? ከንስሐ አባታችሁ እንኳ የሸሸጋችሁት ቀይ ዱቄት የለም? «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። እውነት ነው። ግን ያ ሰው አፉን ባይከፍት፣ አያ ይስማው ይናገሩ ነበር?

አሁን ስትወጡ በር ላይ «እንዴት ነህ?» «እግዚአብሔር ይመስገን» ትባባላላችሁ። ይመስገን፣ መልካም ነው። ዛሬ ግን አንዱን እጁን ያዙና ወደ ተክላችሁ መሃል አስገቡት።