የከርከሮ አብሽና የማር ቅሉ

ተረት ልንገራችሁ። «የላም በረት» በሉኝና ጸጥ በሉ፤ ዛሬ ድምፄን ከፍ የማደርግበት አቅም የለኝም።

ድሮ፣ እንስሳውም ዕቃውም በሚናገርበት ዘመን፣ አያ ከርከሮ የሚባል ሆዳም ነበር። ስኳር ድንች ቆፍሮ ይበላል፣ ይጠማዋል፣ ወንዝ ወርዶ ይጠጣል፣ ሲመለስ ደግሞ ይርበዋል። ሚስቱ እመት ዳለቻ ልጆቿን አስከትላ ከኋላው ስትሮጥ ትውላለች። ወንዙ አጠገብ ነብር ያደባ ስለነበር፣ ፊት ፊት እየሄደ መንገዱን የሚያየው አያ ከርከሮ ነው።

አንድ ቀን ጉንዳኖች እሱ የሸናበት ቦታ ተሰልፈው መጡ። «አያ ከርከሮ፣ ሽንትህ ይጣፍጣል፤ እግዜር ይስጥልን» አሉት። ዳለቻ ደነገጠች። የባሏ ዓይን መፍዘዙንም አስተውላ ነበርና የስኳር በሽታ መሆኑ ገባት።

መድኃኒት አዋቂዋ እመት ጦጣ ዘንድ ሄደች። ጦጣም የግራዋ ቅጠል ሰጠቻትና በባዶ ሆዱ ይጠጣው፣ ደሙን ያስተካክላል፣ የምግብ ፍላጎቱንም ይቀንሳል አለቻት። ከርከሮ ጠጣው፣ ፊቱም ተኮማተረ። ከራስጌው የተሰቀለው የማር ቅል ድምፁን አለስልሶ፣ «ምነው አያ፣ መራራውን በኔ አባርረው እንጂ» አለው። ማሩን ልሶ አባረረው። ጉንዳኖቹም መጡ።

ዳለቻ እንደገና ሄዳ የሽፈራው ቅጠል አመጣች። ሽፈራው እንኳን ያን ያህል አይመርም፤ ቅሉ ግን ጎሮሮህን ከርክሮሃል ብሎ አሳመነው። ጉንዳኖቹ መጡ፤ በዚህኛውስ ዘመዶቻቸውንም ጠርተዋል።

ለሦስተኛ ጊዜ አብሽ ይዛ ተመለሰች። ፈጨችው፣ ዘፍዝፋ አሳደረችው፣ መራራውን ውሃ ደፍታ እስኪነጣ መታችው። ከርከሮ ቀመሰና እናቱ አብሽ ያለ ማር ሰጥታው እንደማታውቅ ነገራት። እሷም ደክሟት ስለነበር፣ ወጉም ስለሆነ፣ ማሩን ጨመረችበት። ደጋግሞ ጠጣና ውሃ ጥም ያዘው።

ቤተሰቡን አስከትሎ ወደ ወንዙ ወረደ። ከፊታቸው የተጋደመ ነገር አየና፣ «ድንጋይ ነው፣ ኑ» አላቸው። ድንጋዩ ተነሣ። ዳለቻ ጮኸች፣ ልጆቹ ተበተኑ፤ ሁሉም በሕይወት አመለጡ፣ የከርከሮ አንድ ጆሮ ግን በነብሩ አፍ ውስጥ ቀረ።

ቤት ሲገቡ ከገበታው ሥር የቀረው አብሽ ተናገረ። «ደከመኝ» አለ። «ተፈጨሁ፣ ተዘፈዘፍኩ፣ ተመታሁ፤ ይሁን። ግን እኔን ባስገባህበት አፍ ማሩንም ታስገባለህ። ብቻዬን ስንቱን ልቻል?»

«እኔም ደክሞኛል» አለች ዳለቻ።

ከርከሮ ያለቀሰው ያን ጊዜ ነው። ቅሉ ሊያባብለው ሲጀምር ከነማሩ በአፍንጫው ገፍቶ ወደ ሸለቆው ለቀቀው። አብሹን ያለ ማር ጠጣ፣ ድንቹንም ቀነሰ። ጉንዳኖቹ ትንሽ ደጅ ጠኑና ወደ ሌላ ሄዱ። ዓይኑ ግን እንደፈዘዘ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ፊት ፊት የምትሄደው ዳለቻ ሆነች። እንዲታየው ብላ ጭራዋን ቀጥ አድርጋ ታቆማለች፤ እሱም ያችን ጭራ እያየ ይከተላል። ልጆቻቸውም ከእናታቸው ወረሱት። ከርከሮ እስከ ዛሬ ሲሮጥ ጭራውን የሚያቆመው ለዚህ ነው።

መድኃኒቱን እየጠጡ በሽታውንም ማጉረስ ትርፉ ቤተሰብን ማድከም ነው። ተረቴን መልሱልኝ፤ አፌን ግን በዳቦ አታብሱልኝ፤ ጉንዳኖቹ የኔንም ደጅ ያውቁታል።