መሳሳም የሌለበት እሽቅድምድም

የዚህ ሁሉ ነገር ዋጋ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ነበር። አይበልጥም፣ አያንስም፤ ፊልሙ የሚፈጀው ያንኑ ነው።

ደብረ ሲና ውስጥ ጋሽ ማንደፍሮ የሚባሉ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። ሠላሳ አንድ ዓመት አሰብ ወርደው ከአሰብ ወጥተው፣ አራት መኪና አስረጅተው፣ ጉልበታቸው ፍሬን መርገጥ ሲያቅተው መሪውን አስረክበው ቤት ገቡ። ከዚያ ወዲህ ከተራራው ላይ የሞተር ድምፅ በሰሙ ቁጥር ቀኝ እግራቸው ብቻውን ወለሉን ይረግጣል። ሦስት ሴት ልጆች አሳድገዋል፤ ሲያድጉ ግን አላዩም። ልጆቹም አባታቸውን መሪ ላይ አላዩም።

ለዳግማይ ትንሣኤ ሦስቱ ልጆች፣ አንድ አማችና አራት የልጅ ልጆች ይመጣሉ፤ ሰኞ ማለዳ ይበተናሉ። ከባልና ሚስቱ ጋር አሥር ሰው። የጋሽ ማንደፍሮ ምኞት አንዲት ናት፤ እሑድ አሥሩም ተቀምጠው አንድ የመኪና እሽቅድምድም ፊልም አብረው እንዲያዩ። "ይኸውላችሁ፣ ያን ሁሉ ዘመን የጠፋሁት እዚህ ውስጥ ነው" ሊሏቸው።

ዓርብ ጠዋት ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ዘርፌ ነገሯቸው።

"መሳሳም አለበት?" አሉ ወይዘሮ ዘርፌ።

"የመኪና ነው እኮ፣ ዘርፌ። መኪና ከመኪና ይሳሳማል?"

"ሾፌር አለው አይደል? ሾፌርን አውቀዋለሁ! ጋሻው ተርጉሞ፣ ነውሩን ቆርጦ ካላመጣው ከአማቼ ጋር ቁጭ ብዬ አላይም።"

ጋሽ ማንደፍሮ ከዘራቸውን ይዘው ወደ ጋሻው ሄዱ። ጋሻው ፊልም በአማርኛ እየተረከ በፍላሽ የሚሸጥ ጎልማሳ ነው።

"ጋሻው፣ ፊልም ተርጉምልኝ፤ ዘርፌ ካልተተረጎመ አላይም አለች።"

"ጋሽዬ፣" አለ በሹክሹክታ፣ "ትናንት የአንድ ሠራዊት ጩኸት ብቻዬን ጮኬ ጉሮሮዬ ተዘጋ። ማር ካልቀመስኩ አልተረጉምም።"

ወደ ማር ሻጯ ወደ ስንዱ ሄዱ።

"ስንዱዬ፣ ማር ስጪኝ፤ ጋሻው ማር ካልቀመስኩ አልተረጉምም አለ፤ ዘርፌ ካልተተረጎመ አላይም አለች።"

"ማሬ መናኸሪያ ወርዶ ቀርቷል። ገንቦ አዝዬ ይህን ዳገት ልወጣ ነው? ባጃጅ ካልመጣ ማር የለም።"

ወደ ባጃጅ ነጂው ወደ ነስሩ ሄዱ።

"ነስሩ፣ ማሩን አምጣ፤ ስንዱ ባጃጅ ካልመጣ ማር የለም አለች፤ ጋሻው ማር ካልቀመስኩ አልተረጉምም አለ፤ ዘርፌ ካልተተረጎመ አላይም አለች።"

"ጋሼ፣ ሦስት እግር የነበራት ባጃጅ ዛሬ በሁለት ቆማለች። ጎሚስታው ጎማዬን ካልለጠፈ አልነሳም።"

"እኔም በሦስት እግር ነው የምሄደው፤ ግን እየሄድኩ ነው" አሉ ከዘራቸውን እያሳዩ።

ወደ ጎሚስታው ወደ ቶሎሳ ሄዱ።

"ቶሎሳ፣ ጎማ ለጥፍ፤ ነስሩ ጎማዬ ካልተለጠፈ አልነሳም አለ፤ ስንዱ ባጃጅ ካልመጣ ማር የለም አለች፤ ጋሻው ማር ካልቀመስኩ አልተረጉምም አለ፤ ዘርፌ ካልተተረጎመ አላይም አለች።"

"ጋሼ፣ ይሰማዎታል?" አለ ቶሎሳ። ከውስጥ ልቅሶ ይሰማል። "ልጄ ናት። ከጠዋት ጀምራ እንዲሁ ናት። እሷ ካልተወች እጄ አይታዘዝልኝም።"

የስድስት ዓመቷ ሲፈን አሮጌ ጎማ ውስጥ ተቀምጣ ታለቅሳለች።

"ሲፈንዬ፣ ዝም በይ፤ አባትሽ ካልተወች አልለጥፍም አለ፤ ነስሩ ጎማዬ ካልተለጠፈ አልነሳም አለ፤ ስንዱ ባጃጅ ካልመጣ ማር የለም አለች፤ ጋሻው ማር ካልቀመስኩ አልተረጉምም አለ፤ ዘርፌ ካልተተረጎመ አላይም አለች።"

"ፊልም ቤት ሕፃን አይገባም አሉኝ!" አለች ሲፈን። "እሽቅድምድም ካላየሁ አልተውም!"

ጋሽ ማንደፍሮ ከዘራቸውን ግድግዳ ላይ አስደገፉ። ከከተማው ሁሉ የእሳቸውን ረሃብ የተራበች ይቺ ብቻ ናት። ከእሷ ወዲያ የሚሄዱበት ሰውም የለም። ጎማው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ፤ የባጃጅ ቸርኬ አንስተው እንደ መሪ ያዙ።

"ከአሰብ ነው የተነሳነው" አሉ። "እኔና ካሳዬ የሚባል ሾፌር፣ በሁለት ተሳቢ። ደብረ ሲና ቀድሞ የገባ ወንድ ነው ተባባልን። ኮምቦልቻን አለፍን፣ ከሚሴን አለፍን፣ ሸዋ ሮቢትን አለፍን። የምመራው እኔ ነኝ።"

"ከዚያስ?" ልቅሶዋ ቆሟል።

"ከዚያማ የተበላሸች መኪና አየሁ፤ ውስጧ ምጥ የያዛት ሴት። ቆምኩ።"

"ለምን ቆሙ!"

"ካሳዬ ጥሩምባውን እየነፋ አለፈኝ። እኔ ሁለት ሰዓት ዘግይቼ ገባሁ። ግን ደጄ ላይ አንዲት ሴት ቆማ ትጠብቀኝ ነበር።"

"ምን አደረገችዎት?"

"እሱ ለሕፃን አይሆንም።"

ሲፈን ሳቀች። ሲፈን ስትስቅ ቶሎሳ ለጠፈ፤ ቶሎሳ ሲለጥፍ ነስሩ ተነሳ፤ ነስሩ ሲነሳ ስንዱ ማር ቀዳች፤ ስንዱ ስትቀዳ ጋሻው ቀመሰ፤ ጋሻው ሲቀምስ ተረጎመ፣ ቆረጠም፤ ወይዘሮ ዘርፌም እሑድ ከሰዓት ነጠላቸውን አስተካክለው ከፊት ተቀመጡ። ሲፈንም ተጠርታ ከጋሽ ማንደፍሮ ጎን።

ሞተሩ አጓራ። የጋሽ ማንደፍሮ ቀኝ እግር ወለሉን ረገጠ። ትልቋ ልጃቸው ቴሌቪዥኑን ትታ እግራቸውን ታይ ጀመር፤ እስከ መጨረሻም ዓይኗን አልነቀለችም። ቀዩ መኪና ወደ መድረሻው ቀረበ፣ ቀረበ፣ ልክ ሊገባ ሲል ምስሉ ዘለለ፤ የተዋንያኑ ስም ብቻ ይወጣ ጀመር። ለካ አሸናፊው መስመሩን ሲረግጥ ሚስቱ ሮጣ ስማዋለች። ጋሻው መሳሟን ሲቆርጥ ማሸነፉም አብሮ ተቆርጧል።

"ማን አሸነፈ?" ጮኸች ሲፈን።

"ሁሉም በሰላም ቤታቸው ገቡ" አለ የጋሻው ድምፅ፣ ማር ማር እያለ።

"ይሄ ሰውዬ ነውሩን ሲቆርጥ መድረሻውን ቆረጠው!" አሉ ወይዘሮ ዘርፌ።

"መድረሻውን እኔ አውቀዋለሁ" አሉ ጋሽ ማንደፍሮ ቀስ ብለው።

ወይዘሮ ዘርፌ ነጠላቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ ተነሱና በልጆቻቸው ፊት፣ በአማቻቸውም ፊት የባላቸውን ግንባር ሳሙ። "እንኳን ደህና ገባህ" አሉ።

ሒሳቡ ይኸውላችሁ። አንድ ጣሳ ማርና አንድ ቀን ሙሉ ዳገት ወጥቷል። ከአንድ ሰዓት ከአርባው ስድስት ደቂቃ ተቆርጧል፤ ማሸነፊያውም እዚያው ውስጥ ጠፍቷል። ሠላሳ አንዱ ዓመት አይመለስም፤ እሱ ከኪሳራው ይደመር። በትርፉ በኩል አሥር ሰው አስበው አሥራ አንድ አገኙ፤ የተቆረጠችውም መሳም ቤታቸው ድረስ መጣች። ተረቴን የወሰደ፣ ቆጥሮ ይመልስልኝ።