ወሬ ነጋሪዋ ቁራና በሯ

ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆቼ። በርና አጥር አፍ አውጥተው በሚናገሩበት በዚያ በጥንት ዘመን አንዲት ቁራ ነበረች። የቁራ መልእክተኛ እያሉ ቁራን ያሟታል አይደል? ይህቺ ግን ያየችውን ሳትጨምር ሳትቀንስ የምትናገር ወሬ ነጋሪ ነበረች።

ድሮ ወሬውን በቅጠል ላይ በምንቃሯ እየጫረች በየደጃፉ ታደርስ ነበር። ሁሉም ለጫጩቶቿ እፍኝ እህል ይሰጧት ነበር። ኋላ ግን ዋርካ አናት ላይ ወጥታ መናገር ጀመረች። ወሬው ለሁሉም በአንዴ ተሰማ። ታዲያ ቤቱ ተቀምጦ የሚሰማ ማን እህል ይሰጣል? ጫጩቶቿ ተራቡ።

ስለዚህ ዋርካውን በእሾህ አጠረች፣ በር አቆመች፣ ድምጿንም ዝቅ አደረገች።

«እህል ያልያዘ እንዳታስገባ» አለችው በሩን።

«እሺ እሜቴ» አለ በር።

አያ ጅቦ መጣ። «እኔ እህል ከየት አባቴ ላምጣ?» ብሎ ተመለሰ። ጃርትም ተመለሰ። ሚዳቋ ብቻ ገባች። ዋርካው ሥር ጭር አለ።

«እንግዲያው እንግዳ አንድ ወሬ በነፃ ይስማ» አለች ቁራ።

እመት ጦጢት ጠዋት ጭቃ ተቀብታ መጣች። «እንግዳ ነኝ።» «ግቢ» አለ በር። ቀትር ላይ ቅጠል ለብሳ መጣች። «እንግዳ ነኝ።» «ግቢ።» አመሻሽ ላይ ጭራዋን ራሷ ላይ ጠምጥማ መጣች። «እንግዳ ነኝ።»

«የዛሬ እንግዳ ሁሉ ምነው ጦጣ ጦጣ ሸተተኝ?» አለ በር። ግን አስገባት።

ቁራ ይህን ስትሰማ ተናደደች። «ከእንግዲህ እንግዳ ብሎ ነገር የለም! እህል ላልያዘ ሁሉ ዝጋ!»

ክረምት ገባ። አንድ ቀን ቁራ ከላይ ደራሽ ውሃ ሲመጣ አየችና ለሚዳቋ፣ «ዛሬ ወንዝ ዳር እንዳትወርጂ» አለቻት። ያን ጊዜ በር ጉሮሮውን ጠረገ።

«እማማ ኤሊ መጥተው ነበር። እህል ስላልያዙ መለስኳቸው።»

«ወዴት ሄዱ?»

«ወደ ቤታቸው ነዋ። ወደ ወንዙ።»

ቁራ ደነገጠች፤ ብር ብላ ሄደች። እማማ ኤሊ ወንዙ አጠገብ ሊደርሱ ትንሽ ቀርቷቸው ነበር።

«እማማ፣ ይመለሱ፤ ደራሽ እየመጣ ነው!»

«እህል የለኝም እኮ ልጄ» አሉ እማማ። «ወሬውን በነፃ ብሰማ በሩ አይቆጣኝም?»

«አይቆጣዎትም» አለች ቁራ። ጎን ለጎን እየሄደች ዳገቱን አወጣቻቸው። ዞር ብለው ሲያዩ የእማማ ቤት በውሃ ተወስዷል።

በማግስቱ ቁራ ዋርካው አናት ላይ ወጥታ ሁሉንም በሙሉ ድምጿ ጠራች።

«በሩን የዘጋሁት ልጆቼ ተርበው ነው። እማማን ግን ላስገድላቸው ነበር። ከዛሬ ጀምሮ በሩ ክፍት ነው። ልጆቼን ምን እንደማበላ ግን አላውቅም።»

ከዚያ ሚዳቋ ተነሳች።

«የእኔ እፍኝ እማማም እንዲሰሙበት ይሁን። ያለው ያምጣ፤ የሌለውም ይስማ።»

ጃርት ሥራ ሥሩን አመጣ። ጦጢትም እያፈረች ከጉንጯ በቆሎ አወጣች። ጫጩቶቹ ያን ቀን ጠግበው አደሩ።

አያችሁ ልጆቼ፣ ወሬ ነጋሪን የሚያበላ ለራሱ ጆሮ ብቻ አይደለም የሚሰጠው፤ ጎረቤቱም በሰላም ውሎ እንዲገባ ነው። እኔ እዚህ ላይ አበቃሁ፤ እናንተ ደግሞ ላልሰማው ንገሩ።