ስሙ ያልታወቀው እንስሳ

«አንድ መምህር ነበረ፤ የደከመው መምህር» አሉ ጋሽ ውብሸት።

ይህን ያሉት መክሊት ለጠየቀቻቸው ጥያቄ ሲመልሱ ነው። መክሊት ሁለተኛ ክፍል ማስተማር የጀመረችው በቅርቡ ነው። ነገ ለልጆቹ የምታነበው ከሜክሲኮ የመጣ ባለ ሥዕል ተረት ነው። በተረቱ ውስጥ ያለውን እንስሳ ግን አታውቀውም፤ ስሙም የተጻፈው በዚያ አገር ቋንቋ ነው። መጽሐፉን ፊታቸው ዘርግታ፣ «ጋሼ፣ ይህን ምን ልበላቸው? አላውቅም ካልኩ ይንቁኛል። ዝም ብዬ ቀበሮ ብላቸው ምን አለበት?» አለቻቸው። ጋሽ ውብሸት ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ መምህር ናቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ዐይናቸውን አሹና ቀጠሉ።

ያ መምህር የሚያስተምረው በከሰዓት ፈረቃ ነበር። ልጆቹ ብዙ ናቸው፤ ይኸው ተረት ያለበት መጽሐፍ ግን አንድ ብቻ። ስለዚህ ቆሞ ያነብና ሥዕሉን ከፍ አድርጎ ይዞ በዴስኮቹ መካከል ይዞራል። ተረቱ እንዲህ ይላል። በጥንት ዘመን እሳት የነበራት አንዲት አሮጊት ብቻ ነበረች፤ ለማንም አታካፍልም። አንድ ትንሽ እንስሳ «ብርድ ይዞኛል፣ ልሙቅ» ብሎ ተጠጋ። ከዚያ ጭራውን እሳቱ ውስጥ ከተተና የሚነደውን ጭራ ይዞ ሮጠ። ሰዎች ሁሉ ከእሱ እሳት ወሰዱ። የእንስሳው ጭራ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ፀጉር አላበቀለም።

መምህሩ የእንስሳውን ስም አያውቅም። ማስረዳቱም ታከተው። «ይህ ቀበሮ ነው» አለ።

ከፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ ሥዕሉን ትኩር ብላ አየች። «ቲቸር፣ ቀበሮ አይመስልም።»

«ነው።»

«አፍንጫው እኮ የአይጥ ነው።»

«አይጥ የወለደችው ቀበሮ ነዋ» አለ ከኋላ አንድ ልጅ። ክፍሉ ሳቀ።

መምህሩ በእሱ የሳቁ መሰለው። «ቀበሮ ነው ካልኩ ቀበሮ ነው። ቁጭ በይ» አላት። ልጅቷ ተቀመጠች። ልጆቹ አንድ ላይ «ቀበሮ» አሉ፤ እሷም አለች።

ከዚያ በኋላ ክፍሉ ጸጥ አለ። መምህሩም ጸጥታው ተመቸው። እያደር ግን አንድ ነገር አየ። ሥዕል ከፍ አድርጎ ሲያሳያቸው ልጆቹ ሥዕሉን አያዩም፤ የሚያዩት የእሱን አፍ ነው። ያቺ ልጅ ቀድሞ ከሁሉ በፊት እጇን ታወጣ ነበር፤ አሁን እጇ ከዴስኩ አይነሳም። አንድ ቀን ጥንቸል ጨረቃ ላይ የተቀመጠችበትን ሌላ ሥዕል አሳያትና፣ «ምን ይታይሻል?» አላት።

«ቲቸር ምን እንደሆነ ይንገሩኝና እሱን አያለሁ» አለች።

እየቀለደችበት አልነበረም። ትክክለኛው መልስ ይህ መስሏት ነው።

በማግስቱ መምህሩ ገብቶ አልቆመም። የመጀመሪያውን ተረት ገልጦ መጽሐፉን በልጅቷ ዴስክ ላይ አኖረና አጠገቧ ተቀመጠ። አግዳሚው ለእሱ ጠባብ ነበር። «ይህ ቀበሮ አይደለም፤ ዋሽቻችኋለሁ» አለ። «ምን እንደሆነ አላውቅም። እስቲ እናንተ እዩት።»

«እየፈተነን ነው፣ እንዳትመልሱ» አለ የኋላው ልጅ በሹክሹክታ። መምህሩ ጠበቀ። መናገር የለመደ ሰው ዝም ብሎ መጠበቅ ይከብደዋል። ተነስቶ ሌላ ስም ሊሰጠው ምንም አልቀረውም ነበር፤ ግን አልተነሳም።

በመጨረሻ ልጅቷ ጣቷን ሥዕሉ ላይ አሳረፈች። «ሆዷ ላይ ኪስ አላት» አለች ቀስ ብላ።

መምህሩ ጎንበስ ብሎ አየ። እውነትም ኪስ ነው፤ ከውስጡ ትንንሽ ራሶች ብቅ ብለዋል። ያን ያህል ጊዜ ሲያነበው አላየውም ነበር።

«እሳቱን በጭራዋ የያዘችው ለዚህ ነው» አለች ልጅቷ። «ኪሷ ውስጥ ልጆቿ አሉ።»

ይህ በመጽሐፉ ውስጥ የትም አልተጻፈም።

ጋሽ ውብሸት መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና ወደ መክሊት ዞሩ።

«እንግዲህ ነገ ያ መምህር አንቺ ነሽ ልጄ። አላውቅም ብትያቸው አንድ ሁለቱ ይስቁብሽ ይሆናል፤ ሳቁ ያልፋል። ቀበሮ ብትያቸው ግን ያምኑሻል። ከባዱ እሱ ነው። ልጅ ዐይኗን አምና ወደኛ ትመጣለች። እኛ ስለደከመን ብቻ ዐይኗን ትተሽ አፋችንን እዪ እንላታለን። ያቺ ልጅ እንደገና ተናገረች። ሌሎቹ ግን፣ አብዛኞቹ፣ ዓመቱ እስኪያልቅ ድረስ የመምህሩን አፍ ሲያዩ ነበር።»