ያለው ሁሉ የሚሆንለት ደምለው

ልጆች፣ ጠጋ በሉ። አንቺም ትልቋ፣ እንዳልሰማ ሰው ፊትሽን አታዙሪ፤ ይህ ላንቺም ነው።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳ ሁሉ አንደበት በነበረው ጊዜ፣ ስሙ ተረስቶ በቀረ አንድ አገር ደምለው የሚባል ጎረምሳ ነበር። ብልህ አይሉት ሞኝ፣ እንዲሁ ደህና ልጅ። አንድ ቀን እሾህ አጥር ላይ የተሰካች እስስት አገኘና ቀስ ብሎ አላቀቃት። እስስቷም አንድ ዓይኗን ወደሱ፣ አንዱን ወደ ሰማይ አድርጋ «ከዛሬ ጀምሮ ያልከው ሁሉ ይሁን!» አለችው።

ደምለው ሳቀ። «እንግዲያው ይዝነብ!» አለ። ዶፍ ወረደ። ጎረቤቱ እማማ ድንቄ «ኧረ ያሰጣሁት እህል!» እያሉ ወጡ። «ይቁም!» ሲል ቆመ። ከአጥሩ ማዶ ደግሞ አባ ይርዳው «ምነው፣ ቡቃያዬ ሊጠጣ ሲል!» ብለው ጮኹ። ደንግጦ «እዚህ ይቁም፣ እዚያ ይዝነብ!» ቢል፣ ዝናቡ አጥር ለይቶ መዝነብ ጀመረ። አገር ጉድ አለ። ያለው ሁሉ ሆነ፤ እሱ ግን ግራ ገባው።

«የሰው ነገር ምን አገባኝ፤ ለራሴ ላድርገው» ብሎ አሰበ። ለራሱ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የአያ ጎሹን ልጅ አትጠገብን ማግባት። አትጠገብ ምላሷ አያርፍም፤ ባገኘችው ቁጥር «አንተ ግንዲላ፣ መንገድ ልቀቅ!» ትለዋለች። እሱም ይህችኑ ስድብ ይዞ ሲስቅ ይውላል።

ሽማግሌ ላከ። በዚያ አገር ደንብ የልጅቱ አባት መጀመሪያ «ዘመድ ላማክር» ይላል እንጂ እሺ አይልም። ሽማግሌ ተመላልሶ፣ ደጅ ጠንቶ ነው ልጅ የሚያገኝ። ደምለው ግን ቸኮለ። ከአጥር ውጭ ቆሞ «እሺ ይበሉ!» አለ። ሽማግሌዎቹ ገና ሳይቀመጡ አያ ጎሹ ብድግ ብለው «እሺ! ውሰዷት!» አሉ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «ልጅቱ ምን ነገር ቢኖርባት ነው?» ተባብለው ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ። አትጠገብ ጓዳ ገብታ «አባቴ እንደ ተሰነጠቀ ገንቦ ጣለኝ» ብላ ተንሰቀሰቀች።

ለቅሶዋን ሲሰማ ደምለው ተርበተበተ። «እምቢ ይበሉ!» አለ። አያ ጎሹ ዱላ አንስተው «እስክሞት እምቢ!» እያሉ ሽማግሌዎቹን ቁልቁል አባረሯቸው። «ኧረ እሺም እምቢም አይበሉ!» ቢል፣ አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። ያለው ሁሉ ሆነ፤ እሱ ግን ግራ ገባው።

በማግስቱ አትጠገብን ወንዝ ዳር አግኝቶ «ውደጂኝ» አላት።

«እወድሃለሁ።»

«ለምን?»

«እንጃ። እወድሃለሁ።»

«እስቲ ስደቢኝ።»

«አንተ ግንዲላ» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ግን እሷ የለችም። ደምለው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

እስስቷ ከቅርንጫፍ ላይ ሆና «ምን ጎደለህ?» አለችው።

«አትጠገብ።»

«ይቺውና፣ አጠገብህ።»

«ይቺማ የኔው አፍ ናት!»

«ሁሉን እንደነበረ ብትመልሰው ልታጣት ትችላለህ።»

ደምለው ፈራ። ፈርቶም ግን «ሁሉ እንደነበረ ይሁን! ከእንግዲህ ያልኩት አይሁን!» ብሎ ጮኸ። አትጠገብ ብንን አለችና «ደግሞ አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?» ብላ እንስራዋን አዝላ ሄደች።

እንደገና ሽማግሌ ላከ። አያ ጎሹ «ዘመድ ላማክር» አሉ። ሽማግሌዎቹ ሲመላለሱ ከረሙ፣ ደምለው ከስቶ አለቀ። በመጨረሻ አያ ጎሹ ልጃቸውን ጠርተው «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሏት።

አትጠገብ ከሽማግሌዎቹ ኋላ የተቀመጠውን ደምለውን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ከዚያ «ግንዲላ ነው» አለች፤ «ቢሆንም እሺ።»

ደምለው ዘሎ ተነሥቶ «ማን አዘዛት?» አለ።

«ማን ሊያዛት!» አሉ አያ ጎሹ። «እኔ አባቷ እንኳ አዝዣት አላውቅም!»

ልጆቼ፣ ለዚህ ነው የዚያ አገር ሰው እንዲህ የሚለው፦ ከታዘዘ እሺታ፣ የልብ እምቢታ ይሻላል።