ይመለስ

ተረት ላወራችሁ ነው፤ ጆሮ ያለው ይጠጋ፣ እንቅልፍ የመጣበት ወዲያ ይቀመጥ።

ድሮ፣ አውሬ ሁሉ ሲናገርና ሲከራከር፣ ወንዝ ዳር የምትኖር አንዲት ጃርት ነበረች። ጃርት ጎረቤቶቿን ጉንዳኖች ስታይ ኖራ አንድ ነገር ገባት፤ ጉንዳን እንቁላሉን ተሸክሞ ከቤቱ ከወጣ ጎርፍ ይመጣል። ጎርፍ ደግሞ የበኩር ልጇን ወስዶባታል። ስለዚህ ከጀርባዋ አንድ እሾህ ነቅላ፣ ያየችውን በኮባ ቅጠል ላይ ጻፈችና በቁራ ወደ ዋርካው ሸንጎ ላከችው። ሸንጎው መርምሮ ዋርካው ላይ የሰቀለውን ቅጠል አውሬ ሁሉ ያምናል።

የቁራ መልእክተኛ አይመለስም ይባላል፤ ይሄኛው ግን ቅጠሉን እንደያዘ ተመለሰ።

«ምን አሉ?» አለች ጃርት።

«ይመለስ አሉ፣ እትዬ።»

የጃርት እሾህ ሁሉ ቆመ። «ንቀውኝ ነው። ዛሬ አንድ በአንድ ስወጋቸው እውላለሁ።»

ያ የጻፈችበት እሾህ ግን ከመሬት ሆኖ ተናገረ። «እመቤቴ፣ ለመጻፍ ነቅለሽኝ ለመውጋት አታንሺኝ። አንተ ቁራ፣ ከ‹ይመለስ› በፊት ምን አሉ?»

ቁራ አንገቱን አከከ። «ብዙ አሉ። ኤሊ፣ ‹ጉንዳን ወጥቶ ጎርፍ ሳይመጣ የቀረበት ጊዜ የለም ወይ?› አለ። ዝንጀሮ፣ ‹የአያቴን አባባል ለምን አልጠቀሰችም?› አለ። ጉሬዛ ደግሞ፣ ‹ጉንዳን ትንሽ ነው፣ በዝሆን ይተካ› አለ። ከዚያ ሁሉም፣ ‹ጥያቄያችን ይመለስ፣ ቅጠሉም ታርሞ ወደኛ ይመለስ› አሉ።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ውጠህ ‹ይመለስ› ብቻ ትለኛለህ?»

«መንገዱ ሩቅ ነው፣ እትዬ። አጭሩን ያዝኩ።»

ጃርት ሳቀች፤ እሾህዋም ተኛ። የኤሊን ጥያቄ ይዛም ሄዳ አንዲት አሮጊት ጉንዳን ጠየቀች።

«ወጥታችሁ ጎርፍ ሳይመጣ የቀረበት ጊዜ አለ እንዴ?»

«አለ እንጂ፣ ልጄ። ፍልፈል ቤታችንን ሲያፈርስም እንወጣለን። ያኔ ወዳገኘነው ነው የምንሸሸው። ለጎርፍ ግን ዳገቱን ነው የምንወጣው።»

ጃርት ደነገጠች። ቅጠሉ እንዳለ ቢሰቀል ኖሮ አውሬው ፍልፈል ባፈረሰ ቁጥር ሲሮጥ ይከርምና ጎርፉ ሲመጣ ማንም አያምናትም ነበር። አዲስ ቅጠል ቆርጣ ጻፈች።

«አባ ኤሊ፣ ጥያቄዎ ልክ ነው፤ ‹ዳገት ከወጣ ብቻ› ብዬ አርሜያለሁ። አያ ዝንጀሮ፣ የአያትህን አባባል ከግርጌ አስገብቻለሁ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ወንድሜ ጉሬዛ፣ ዝሆን እንቁላል አይሸከምም፤ ስለዚህ ጉንዳኑ ይቆይልኝ።»

ቁራ ሄዶ መጣ።

«ይሰቀል አሉ፣ እትዬ።»

«ማን?» አለች ጃርት፣ አንገቷን ይዛ።

«ቅጠሉ ነዋ። ዛሬ እንኳ ሙሉውን ይዤ መጥቻለሁ።»

ክረምቱ ገባ። ጉንዳኖች እንቁላላቸውን ተሸክመው ዳገቱን ተያያዙት፤ አውሬውም ግልገሉን እያንጠለጠለ ተከተላቸው። ጎርፉ መጥቶ ወንዝ ዳር አንድም ልጅ አላገኘም። ጉሬዛ ዛፍ ላይ ሆኖ፣ «እኔም ብያለሁ» ይል ነበር። ጃርት ግን ታናሹን ልጇን አቅፋ ውሃውን ታይ ነበር።

በር የሚዘጋስ «ይቅር» ነው፤ «ይመለስ» ያለህ በሩን ገርበብ አድርጎ ይጠብቅሃል።

እንግዲህ ተረቴን መልሱ፤ የጎደለውንም ሞልታችሁ መልሱ። ዳቦው ግን ሳይጎድል ይምጣልኝ።